በጁምዓ ብቻ ስለሚቆራረጠው የራቢያ ድምፅ

ለክቡር ሐጂ ጁነዲን፣
የሩሰይፋ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የማኅበሩ ላፕቶፕ የበላይ ጠባቂና የይለፍ ቃሉ ብቸኛ ባለአደራ፤
መካ

ግልባጭ፦ በማኅበሩ ግሩፕ ውስጥ ላላችሁ ሁሉ፣ የግሩፑን ድምፅ አጥፍታችሁ ለተቀመጣችሁትም ጭምር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ስኳርዎ ልኩን ይዞ፣ ጅዳ ወደብ ላይ የቆሙት ኮንቴነሮችዎ ያለ እንከን ተጭነው፣ የማኅበሩ ቢሮ ኤሲም እንደ ወትሮው ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ በትጋት ሲያቀዘቅዝ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ ለኻላ ቢልቂስም ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ግን ከሰላምታው በፊት ሌላ የሚጠይቋቸው ነገር ሊኖር እንደሚችል ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ የሐሚድ ልጅ ሀጀር ነኝ። አምና ጅዳ ከሚገኝ ኮሌጅ በኮምፒውተር ምሕንድስና ስመረቅ በማኅበሩ ስም አበባ አስይዘው ፎቶ ያስነሱኝ፣ ፎቶውንም «የነገ ተስፋችን» ብለው ግሩፑ ላይ የለጠፉልኝ፣ በማግሥቱ ደግሞ የፕሪንተሩን ቀለም እንድቀይር ያዘዙኝ ልጅ ነኝ። ለተሰጠኝ ዕድል እስካሁን በይፋ ስላላመሰገንኩ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። የሥራ ማመልከቻ ያስገባሁባቸው ቦታዎች መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ እጄን ያላሰነፈው ያ ፕሪንተር ነው።

አሁን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ ፕሪንተሩ አይደለም። ለጅናው፣ ማለትም የተከበረው ኮሚቴያችን፣ ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ አንድ ውሳኔ አሳልፏል፤ እርስዎም ፈርመው ግሩፑ ላይ ለጥፈውታል። ውሳኔው አጭርና ግልጽ በመሆኑ እዚህ እንዳለ ልጥቀሰው፦ «ለዒድ ዝግጅት ሊቀረጽ የታሰበው መንዙማ፣ ያቀረበችው አንዲት የቤት ሠራተኛ ድምጿ እየተቆራረጠ በማስቸገሩ፣ ማሽኑም ተፈትሾ ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ እንዲሰረዝና በዐረብኛ ነሺድ እንዲተካ ተወስኗል።» እንዲህ ባለ ጥቂት ቃል በአንዲት ሴት ላይ መፍረድ፣ አንድ ማሽንን ነፃ ማውጣትና ልጆቻችን አማርኛ እንዲሰሙ የታሰበውን ዝግጅት በዐረብኛ መፈጸም መቻሉ የአስተዳደር ችሎታዎን የሚያስመሰክር ነው።

ክቡርነትዎ፣ «አንዲት የቤት ሠራተኛ» የተባለችው ራቢያ ትባላለች። እኔ እትዬ ራቢያ ነው የምላት። የወሎ ልጅ ናት፤ ጉልምስናዋን በሙሉ ጅዳ ውስጥ በአንድ ማዳም ቤት አሳልፋለች። መንዙማውን የደረሰው ሟች አባቷ ነው። አልተጻፈም፣ በቴፕም አልተቀረጸም፤ እኛ እስከምናውቀው እዚህ አገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወጣው ሰው ከእሷ በቀር የለም። እሷም መጪው ሐሙስ በመውጫ ቪዛ፣ በኹሩጅ፣ ላትመለስ፣ አገሯ ትገባለች። «ልጆቻችን በአማርኛ ስንጠራቸው በዐረብኛ ይመልሱልናል፤ እባክሽ አንድ ነገር አስቀርተሽልን ሂጂ» ብሎ የለመናት ማነው ቢባል ደግሞ፣ ይኸው የተከበረው ለጅና ነው። ለምነው አስመጧት፤ መጥታ ሰጠች፤ የሰጠችውን የማኅበሩ ላፕቶፕ ቆራረጠው፤ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። ቅሬታዎቼ በዚህ ዙሪያ ስለሆኑ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምርመራው።

ማሽኑን የመረመሩት የማኅበሩ የቴክኒክ ኃላፊና የሞባይል ጥገና ሱቅ ባለቤት ወንድማችን ጀውሀር መሆናቸውን ተረድቻለሁ። ምርመራው የተካሄደው ማክሰኞ ዕለት ሲሆን፣ ዘዴውም ማይኩን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም ሳይቀራቸው «አሎ! አሎ! ትሰማኛለህ ወይ?» ብሎ ላፕቶፑን መጠየቅ ነበር። ላፕቶፑ ሰማቸው። ድምፃቸው ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ ወጣ። «አያችሁ? ማሽን አይዋሽም፣ ሴትዮዋ ደክማለች፣ ኻላስ!» አሉና ምርመራው ተዘጋ። ለሳይንስ ያላቸውን ፍጥነት አደንቃለሁ።

ራቢያ የመጣችው ግን ማክሰኞ አልነበረም። ማዳሟ የምትለቃት ጁምዓ ከሶላት በኋላ ነው፤ ከጅዳ መኪና ተሳፍራ መጥታ መንዙማውን ብላ ከመግሪብ በፊት መመለስ አለባት። ሁለት ጁምዓ መጣች፤ ሁለቱም ጊዜ ድምፁ «ጠቅ… ጠቅ… ጭር» እያለ ተቆራረጠ። በሁለተኛው ቀን የሆነውን እርስዎ በቦታው ስላልነበሩ ልንገርዎት። እንደሚያውቁት የመንዙማ ደራሲ በመጨረሻው ስንኝ ላይ የገዛ ስሙን አስገብቶ ሰሚውን ዱዓ ይለምናል፤ ሰው ሞቶ ስሙ በሌላ ሰው አፍ ዱዓ የሚያገኝበት መንገዱ ያ ነው። ራቢያ እዚያ ስንኝ ላይ ስትደርስ፣ ልክ የአባቷ ስም ላይ፣ ላፕቶፑ «ጭር» አለና ስሙ ወደቀ። ከፊቱ ያለው ቃል አለ፤ ከኋላው ያለው ቃል አለ፤ አባትየው የለም። መልሰን ስናሰማት ሻርፗን አስተካክላ «ያላ፣ መኪናው ይሄድብኛል» ብላ ወጣች።

ውሳኔውን ግሩፑ ላይ ካነበበች በኋላ ግን በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ሀጁዬ፣ ድምፄ እንዲህ መሆኑን ሰው ሳይነግረኝ ነው የኖርኩት ማለት ነው? የማዳም ልጆችም አዝነውልኝ ኖሯል የሚሰሙኝ?» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤት ማንጎራጎር አቆመች። የማዳም ሴቶች ልጆች በእሷ መንዙማ መተኛት ስለለመዱ አልተኛም አሉ፤ ማዳም ራሷ ደውላ «ራቢያን ምን አደረጋችኋት?» ብላ ጮኸችብኝ። «ለጅናው ወስኖ ነው» ብዬ መለስኩ። የማኅበራችን ሥልጣን እስከ ጅዳ መኝታ ቤቶች ድረስ መዘርጋቱን ሳይ በእውነቱ ኮራሁ።

ሁለተኛ፤ ስለተወሰደው መፍትሔ።

ይህን ለመረዳት ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም፤ ነገሩ የካርጎ ሥራ ነው። ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እንደ ዕቃ በኮንቴነር እየተሞላ ነው የሚጓዘው፤ ኮንቴነሩን በሙያው ባፈር ይሉታል። ኮንቴነሩን ትልቅ ካደረጉት ዕቃው ሳይሰበር ይደርሳል፣ ነገር ግን እስኪሞላ ስለሚጠበቅ ይዘገያል። ትንሽ ካደረጉት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ነገር ግን ተቀባዩ በሰዓቱ በር ላይ ካልቆመ የሚቀጥለው መጥቶ ይደፋል፤ «ጠቅ» የሚለው ያ የተደፋው ነው። እርስዎ የእናቴን ብርድ ልብስ «ኮንቴነሩ ይሙላ» ብለው ብርዱ ካለፈ በኋላ ደሴ ያደረሱ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ መዘግየት ጥቅምና ጉዳት እኔ ላስተምርዎ አልደፍርም።

በዚያው በሁለተኛው ጁምዓ፣ ቀረጻው ሳይጀመር፣ ወንድማችን ጀውሀር «ቀላል ነው፣ ትልቁን እንስጠው» ብለው ኮንቴነሩን እስከ ጥግ አሳደጉት። ጠቅታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይልቁንም ሌላ ጣጣ መጣ። የድቤውን ምት አስቀድመን ቀርጸን ስለነበር ራቢያ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ነው የምታዜመው፤ የራሷ ድምፅም በዚያው ማዳመጫ ይመለስላታል። ኮንቴነሩ ሲያድግ የራሷ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳት ጀመር። እኔ በኮሌጅ ውስጥ ስለ ድምፅ መዘግየት ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ፤ እንደ ራቢያ የገለጸው ግን አላጋጠመኝም። ማዳመጫውን አወለቀችና «ሀጁዬ፣ አንዲት ሴት ከኋላዬ እየተከተለች የምለውን ትላለች። እሷን ስጠብቅ እኔ እጠፋለሁ» አለችኝ። ወንድማችን ጀውሀር «ራሷን በራሷ መከተል ካቃታት እኛ ምን እናድርግላት?» አሉ። ይህን ንግግራቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ ስላላገኘሁት፣ ለትውልድ እንዳይጠፋ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ኃይል ቁጠባ።

አጭር ነው። ላፕቶፑ «ኃይል ቆጣቢ» በሚባለው አሠራር ላይ እንዲሆን መታዘዙን አይቻለሁ። ይህ ማለት ላፕቶፑ ሥራ የሌለ በመሰለው ቁጥር ያንቀላፋል ማለት ነው፤ የሚነቃውም ድምፁ ካለፈ በኋላ ነው። ኤሲው ሌት ተቀን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ለመብራት ቢል ታስቦ ላፕቶፑ እንዲያንቀላፋ መደረጉ ለማኅበሩ ንብረት ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል። በተጨማሪም ሦስት የለጅናው አባላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሶላት ሰዓት ፕሮግራም ጭነዋል፤ አንዱ በመካ፣ አንዱ በጅዳ፣ አንዱ ምክንያቱን በማላውቀው ሁኔታ በደሴ ሰዓት ያሰላል። የመስጊዱ አዛን በመስኮት በሚገባበት ቢሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጠንቀቅ አይጎዳም ተብሎ ይሆናል።

አራተኛ፤ ስለ ጁምዓ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ወንበርዎን ሳብ አድርገው እንዲቀመጡ እለምናለሁ።

እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ማክሰኞ ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ ጁምዓ ለምን ይታመማል? እሑድ ሞከርኩት፣ ደኅና ነው። ረቡዕ ሞከርኩት፣ ደኅና ነው። ስለዚህ ትናንት ጁምዓ ጠዋት፣ ራቢያ ገና ጅዳ ሳለች፣ ብቻዬን ቢሮ ገባሁና ባዶውን ክፍል ቀረጽኩ። ሰው የለም፣ መንዙማ የለም፤ ያለው የኤሲው ድምፅ ብቻ ነው። መልሼ ስሰማው ኤሲው «ጠቅ… ጭር… ጠቅ» እያለ ተቆራርጧል። ለጅናው በጀመረው የፍትሕ መንገድ ገፍቶ፣ የኤሲውም ድምፅ ደክሟል ብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰናብተው አቤት እላለሁ።

ከዚያ ላፕቶፑ ውስጥ በዚያች ሰዓት ማን ምን እየሠራ እንደሆነ አየሁ። በእርስዎ ትእዛዝ የማኅበሩ ግሩፕ በላፕቶፑ ላይ ቀን ከሌት ክፍት ነው፤ የሚመጣው ሥዕል ሁሉ ደግሞ «ለታሪክ» እንዲቀመጥ ተደርጓል። ማክሰኞ ዕለት ግሩፑ ላይ የሚመጣው አንድ የጠፋ ቁልፍና አንድ የሚከራይ ክፍል ነው። ጁምዓ ግን! ጽጌረዳ ይመጣል። ሁለት ርግብ ይመጣል። የሚያብለጨልጭ ፋኖስ፣ የወርቅ ፊደል፣ ጤዛ ያረፈበት ቅጠል፣ እያንዳንዱ «ጁምዓ ሙባረክ» እያለ ይጎርፋል። ላኪው ብዙ ነው፤ ላልደረሰው ደግሞ ተቀባዩ መልሶ ይልካል።

ሥዕሎቹ ዝም ብለው አይገቡም። ኮሚቴው ለጥንቃቄ ሲባል ሁለት አንቲቫይረስ አስጭኗል። በጅዳና በመካ መንገድ ላይ ያለውን የተፍቲሽ ኬላ ያስቡ፤ እያንዳንዷ ጽጌረዳ ስትደርስ የመጀመሪያው መኖሪያ ፈቃዷን ሊያይ «ኢቃማ!» ይላታል፣ አሳይታ ስታልፍ ሁለተኛው «ኢቃማ!» ይላታል፣ ከዚያ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጠራጠራሉ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ደግሞ በሐጅ ወቅት ኩዳይ መኪና ማቆሚያ ላይ ፊሽካ ይዞ አውቶቡስ እንደሚያስተናብር ሰው ነው። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ግን እጁን የሚጎትተው በዛ። ድምፅ ማለት ሽማግሌዎችን የጫነ አውቶቡስ ነው፣ በሰዓቱ ካላለፈ ያለቀለት ነው፤ ሥዕል ግን ቢዘገይም የሚጎዳው የለም። የእኛ አስተናባሪ ሽማግሌዎቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ርግቦቹን ያሳልፋል፤ እንዲህ አድርግ ያለው ደግሞ ራሱ አይደለም፣ እኛ ነን።

የራቢያን ቀረጻ ከግሩፑ ጋር በሰዓት አስተያየሁት። የአባቷ ስም በወደቀባት ቅጽበት ላፕቶፑ ላይ እያረፈ የነበረው አንድ ትልቅ ቪዲዮ ነው፤ ፏፏቴ፣ ቀስተ ደመና፣ በመሐሉም የሚበር ነጭ ፈረስ። ላኪው ክቡርነትዎ ነዎት።

ዱዓዎ ደርሶናል፣ አሚን፣ ለእርስዎም ይድረስዎ።

አምስተኛ፤ ስለ ይለፍ ቃሉ።

ችግሩን ለማስተካከል የላፕቶፑን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። «ኢንሻአላህ፣ ከዒድ በኋላ ለጅናው ሲሰበሰብ ይታያል» የሚል መልስ በማግኘቴ አመሰግናለሁ። ራቢያ በረራዋን ከዒድ በኋላ ማድረግ ትችል እንደሆነ አየር መንገዱን ብጠይቅ፣ ለለጅናው ሲባል እንኳ አይቻልም ብለውኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወንጀል ፈጽሜያለሁ፤ የእምነት ክህደት ቃሌም የሚከተለው ነው።

ቢሮው የእርስዎ ቤት ምድር ቤት ላይ ስለሆነ፣ እርስዎም ለዕቃ ጭነት ጅዳ ወርደው ስለነበር፣ ኻላ ቢልቂስ ዘንድ ወጥቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የፏፏቴውን ጭምር። አዳምጠው ሲጨርሱ «ፈረሱንማ ለእኔም ልኮልኛል፣ እዚሁ ሶፋ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ» አሉ። የይለፍ ቃሉን ያውቁት እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እሱ ሌላ የማን ስም ያውቃል? የራሱን ሞክሪ። ‹ሐጂ›ዋን ግን እንዳትረሺ» አሉኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ጽኑ ጥበቃ ለሁለት አንቲቫይረስ መሪ መሆን ይገባዋል።

ከዚያ መንገዱን ጠረግሁ። ግሩፑን ዘጋሁ፤ ኢንተርኔቱን ነቀልኩ፤ ከሁለቱ አንቲቫይረስ አንዱን በክብር አሰናብቼ ሌላውን «የድምፁን ፎልደር አትንካ» አልኩት። ላፕቶፑን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ሙሉ ኃይሉን ሰጠሁት፤ ለድምፅ ካርዱ የራሱን ድራይቨር ጫንኩለት፤ ሦስቱን የሶላት ሰዓቶች፣ ደሴን ጨምሮ፣ አሳረፍኩ። መንገዱ ነፃ ሲሆን ትልቁን ኮንቴነር በትንሽ ቀየርኩ። ትንሽ ኮንቴነር በሰዓቱ የሚቀበለው ካለ አይደፋም፤ ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው። ምንም ዓይነት ዕቃ አልተገዛም፤ ለማኅበሩ ይህን ማሳወቄ እንደሚያስደስት አውቃለሁ።

ራቢያ ስትመጣ ልትሞክር አልፈለገችም ነበር። «አሁን ምን ያደርጋል፤ የተወሰነ ነገር ነው» አለች። ባዶውን ክፍል አሰማኋት። ኤሲው ሲቆራረጥ ሰማች፤ እንደገና አሰሚኝ አለች፤ ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይኸም ደክሟል በያቸው!» አለች። ማዳመጫውን አደረገች፤ አንድ ስንኝ አለች፤ ቆም ብላ አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ሴትዮዋ ሄደች» አለችኝ።

መንዙማውን ከመጀመሪያ ጀመረች። ኻላ ቢልቂስ ጉልበታቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ከቤት ሰው በደረጃው ሲወርድ በተሰማቸው ቁጥር ጣታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። መሐል ላይ የአስር ሶላት አዛን ሆነ፤ የሰፈሩ መስጊድ ድምፅ በመስኮት ገባ። ራቢያ ስንኟን ጨርሳ ዝም አለች። ሙአዚኑን ተከትላ በለሆሳስ መለሰች፣ ዱዓዋን አደረገች፤ ከዚያ ከተወችበት ቀጠለች፣ ምቷን ሳታጣ። ያን ክፍል ቆርጬ ማውጣት እችል ነበር፤ አላወጣሁትም። በቀረጻው ላይ ያለው ብቸኛ መቋረጥ እሱ ነው፤ ያቋረጠችውም እሷ ናት፣ ወዳና ፈቅዳ፣ ለሚገባው።

መጨረሻው ስንኝ ደረሰ። እኔ ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። ስሙ ወጣ። ሙሉውን፣ ከነአባቱ። ስታበቃ አሰማኋት። «ያችን ብቻ መልሺልኝ» አለች። መለስኩላት። አሁንም መልሺልኝ አለች። ከዚያ «ይኸው፣ አለ» ብላ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። ኻላ ቢልቂስ ያን ጊዜ ምን እንዳደረጉ እሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል።

ማታ ከጅዳ መልእክት መጣልኝ፤ ከማዳም ነው። ልጆቹ ተኝተዋል ይላል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ቀረጻውን በራቢያ ፈቃድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ግሩፑ ላይ አስቀምጫለሁ። የምለምነው ቀላል ነው፦ ያ ውሳኔ ከሐሙስ በፊት፣ እሷ ገና እዚህ ሳለች፣ በተለጠፈበት ቦታ ይሻር፤ «አንዲት የቤት ሠራተኛ» የሚለውም በስሟ ይተካ። ድምጿ ደክሟል የሚለውን በሻንጣዋ ይዛ አገሯ እንድትገባ አልፈልግም። በዒድም መንዙማው ለልጆቹ ይሰማ፤ ወንድማችን ጀውሀር ስፒከሩን ቢይዙልን ደስ ይለኛል፣ ስፒከር ላይ በእውነት ጎበዝ ናቸው።

ዓሚ ጁነዲን፣ አሁን ክብሩን ለአንድ አፍታ ወደ ጎን ላድርገውና እንደ ልጅነቴ ልጥራዎት። አበባውን ሲያስይዙኝ አባቴ አልቅሶ ነበር፤ እርስዎም አይተውታል። እኔ ክፉዎን አልመኝም። እንደ ራቢያ ያሉ እናቶች በየወሩ በኹሩጅ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ይዘው ነው የሚሄዱት። ላፕቶፑ አሁን ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ፣ ሥራ እስካገኝም ከዚያም በኋላ። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ይስጡኝ፤ ኢንተርኔቱን እኔ እነቅላለሁ። ፈረሱ ቅዳሜ ይደርሳል።

የፕሪንተርዎ ቀለም ቀያሪ፣ የኤሲዎ ድምፅ ቀራጭ፣ ላፕቶፕዎን በገዛ ስምዎ ሰብራ የገባች፣ ይህንንም በግልጽ ስታምን ምንም ያልደነገጠች፣ አክባሪዎ
ሀጀር ሐሚድ
ሩሰይፋ፣ መካ

ማሳሰቢያ፦ የራስን ስም የይለፍ ቃል ማድረግ ለማኅበሩ ንብረት አደገኛ መሆኑን በኮሌጅ ስለተማርኩ፣ የላፕቶፑን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ። አዲሱ የይለፍ ቃል የራቢያ አባት ስም ነው፣ ከነአባቱ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በመንዙማው መጨረሻ ስንኝ ላይ ነው። ወደ መጨረሻው ዘልለው እንዳይሰሙ አልሰጋም፣ ኻላ ቢልቂስ አጠገብዎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው አብረው ሊሰሙ ቃል ገብተውልኛል። ደግሞም አላህን ያመስግኑ፤ የያዙት አዲሱ ቀረጻ ነው። ለጅናው ጤነኛ ባለው ማሽን የተቀረጸውን የፊተኛውን ይዘው ቢሆን ኖሮ፣ ላፕቶፕዎን እስከ ዕለተ ቂያማ አይከፍቱትም ነበር።